ከግት እስከ አንጀት፦ ሕዋሳት ፕሮቲንና ኢንዛይም የሚሠሩበት ስፍራና መንገድ በቦረና ወተት ምሳሌ

ሕያው ሕዋስ ፕሮቲንን እንዴት ይሠራል የሚለው ጥያቄ በሃያኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ በሥነ ሕይወት ጥናት ውስጥ ከተመለሱት ታላላቅ ጥያቄዎች አንዱ ሲሆን፣ ፕሮቲኑ የት ይሠራል፣ ተሠርቶስ ወዴት ይሄዳል የሚለው ተጓዳኝ ጥያቄ ግን በመማሪያ መጻሕፍት ብዙ ጊዜ በአንዲት አንቀጽ ታልፎ የሚቀር ነው። ሁለቱን ነጣጥሎ ማየት ጉዳዩን ያጎድለዋል፤ አንድ ኢንዛይም በትክክል ቢሠራም እንኳ ያለ ስፍራው ከተገኘ ወይ ሥራ ፈት ይሆናል፣ ወይም የሠራውን ሕዋስ ራሱን ይጎዳል። ይህ ዳሰሳ ምሳሌውን የሚወስደው ከያቤሎ ወደ ሞያሌ በሚወርደው መንገድ ላይ ከምትገኘው ከሜጋ ከተማና በዙሪያዋ ካለው የቦረና ቆላ ነው። የዚህ ምድር ሕዝብ ኑሮውን የመሠረተበት ወተት፣ ከጥገት ላም ግት ሕዋስ ጀምሮ እስከ ጠጪው ሰው ትንሹ አንጀት ድረስ፣ ፕሮቲንና ኢንዛይም በየስፍራቸው ሲሠሩና ሲሰማሩ በግልጽ የሚታዩበት ነገር ነውና።

ፕሮቲን ማለት አሚኖ አሲድ የሚባሉ ትንንሽ ሞለኪውሎች በተወሰነ ቅደም ተከተል ተያይዘው የሚፈጥሩት ረጅም ሰንሰለት ሲሆን፣ ሰንሰለቱ ተጣጥፎ የራሱን ቅርጽ ሲይዝ ሥራውን ለመሥራት ብቁ ይሆናል። በሕዋስ ውስጥ ለዚህ ሥራ የሚውሉት የአሚኖ አሲድ ዓይነቶች 20 ሲሆኑ፣ ከእነዚህ ውስጥ ዘጠኙን የሰው አካል ራሱ ሊሠራቸው ስለማይችል ከምግብ ማግኘት አለበት። ኢንዛይም ደግሞ ኬሚካዊ ለውጥን የሚያፋጥን፣ እርሱ ግን በለውጡ የማያልቅ ሞለኪውል ነው። ጀርመናዊው ኤድዋርድ ቡክነር እ.ኤ.አ. በ1897 ሕዋሱ ተፈጭቶ የወጣ የእርሾ ጭማቂ፣ ሕያው እርሾ ባይኖርበትም፣ ስኳርን ወደ አልኮል እንደሚለውጥ አሳየ፤ አሜሪካዊው ጄምስ ሰምነር ደግሞ በ1926 ዩሪየዝ የተባለውን ኢንዛይም አጥርቶና በክሪስታል መልክ አግኝቶ ፕሮቲን መሆኑን አረጋገጠ። ከዚያ ወዲህ ኢንዛይሞች በሙሉ ማለት በሚቻል ደረጃ ፕሮቲኖች መሆናቸው ታውቋል፤ ከዚህ የሚወጡትም ጥቂቶች ሆነው ሳለ አንዱ እጅግ ታላቅ ቦታ ያለው መሆኑ ወደ ኋላ ይታያል። ስለዚህ ኢንዛይም እንዴት ይሠራል ብሎ መጠየቅ በአብዛኛው ፕሮቲን እንዴት ይሠራል ብሎ ከመጠየቅ አይለይም።

ሥራው የሚጀምረው ኒውክለስ በሚባለው የሕዋስ እምብርት ውስጥ ነው። የእያንዳንዱ ፕሮቲን የአሚኖ አሲድ ቅደም ተከተል በዲ ኤን ኤ ላይ በአራት ኬሚካዊ ፊደላት ተመዝግቦ የሚገኝ ሲሆን፣ ይህን መዝገብ የያዘው የዲ ኤን ኤ ክፍል ጂን ይባላል። ጂኑ ራሱ ከኒውክለስ አይወጣም፤ የሚወጣው መልእክተኛ አር ኤን ኤ የሚባል ቅጂው ነው። ቅጂው በኒውክለሱ ሽፋን ላይ ባሉት ቀዳዳዎች አልፎ ወደ ሳይቶፕላዝም፣ ማለትም ከኒውክለሱ ውጭ ወዳለው የሕዋስ አካል ከወጣ በኋላ ራይቦሶም የሚባለው ፕሮቲን የሚሠራ የሕዋስ ክፍል ያገኘዋል። ራይቦሶም መልእክቱን ሦስት ሦስት ፊደል እያደረገ ያነብባል፤ አጓጓዥ አር ኤን ኤ የሚባሉ ትንንሽ ሞለኪውሎችም ለእያንዳንዱ ሦስት ፊደል የሚስማማውን አሚኖ አሲድ ይዘው ይቀርባሉ። በሦስት በሦስት የሚደረደሩት ፊደላት 64 ጥምረቶችን የሚሰጡ ሲሆን፣ 61ዱ አሚኖ አሲድን፣ ሦስቱ ደግሞ ሰንሰለቱ የሚያበቃበትን ስፍራ ያመለክታሉ። የዚህ ፊደል ፍቺ የተጀመረው በ1961 ሲሆን፣ ማርሻል ኒረንበርግና ሃይንሪክ ማቴይ አንድ ዓይነት ፊደል ብቻ ያለበት አር ኤን ኤ ከሕዋስ ጭማቂ ጋር ሲደባለቅ አንድ ዓይነት አሚኖ አሲድ ብቻ ያለበት ሰንሰለት እንደሚያስገኝ ባሳዩ ጊዜ ነበር።

የሥራው ፍጥነትና ወጪ ሊታወቅ የሚገባው ነው። በእንስሳት ሕዋስ ውስጥ አንድ ራይቦሶም በአማካይ በሰከንድ አምስት ያህል አሚኖ አሲዶችን ያያይዛል፤ እያንዳንዱን አሚኖ አሲድ ለመጨመርም ሕዋሱ በትንሹ አራት ከፍተኛ ጉልበት ያላቸውን የፎስፌት ትስስሮች ይሰብራል። በዚህ ስሌት 209 አሚኖ አሲዶች ያሉት ቤታ ኬዚን የተባለው የላም ወተት ፕሮቲን ከአንድ ደቂቃ በታች ሲጠናቀቅ፣ 1927 አሚኖ አሲዶች ያሉት የሰው ላክቴዝ ኢንዛይም የመጀመሪያ ሰንሰለት ግን ከስድስት ደቂቃ በላይ ይወስዳል። ራይቦሶሙ ራሱ ከአር ኤን ኤና ከሰማንያ ያህል ፕሮቲኖች የተገነባ ነው። ይሁን እንጂ አሚኖ አሲዶችን የሚያያይዘው እምብርቱ አር ኤን ኤ እንጂ ፕሮቲን አለመሆኑን እ.ኤ.አ. በ2000 የወጡት የራይቦሶም ዝርዝር ምስሎች አረጋግጠዋል፤ ለዚህ ሥራ ቬንካትራማን ራማክሪሽናን፣ ቶማስ ስታይትዝና አዳ ዮናት በ2009 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። ከላይ የተጠቀሰው ታላቁ ልዩ ሁኔታ ይህ ነው፦ ፕሮቲን የሆኑትን ኢንዛይሞች ሁሉ የሚያስገኘው ኢንዛይም በእምብርቱ ፕሮቲን አይደለም።

እስከዚህ ያለው ሂደት ኒውክለስ ባላቸው ሕያዋን ሁሉ ዘንድ በመሠረቱ ተመሳሳይ ሲሆን፣ ልዩነቱ የሚጀምረው ስፍራው ሲነሣ ነው። ጆርጅ ፓላዲ በ1950ዎቹ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሕዋሳትን ሲመረምር፣ ራይቦሶሞች በሁለት ሁኔታ እንደሚገኙ አስተዋለ። አንዳንዶቹ በሳይቶፕላዝም ውስጥ ነጻ ሆነው የሚገኙ ሲሆን፣ ሌሎቹ ኢንዶፕላዝሚክ ሬቲኩለም በሚባለው፣ ሕዋሱን በሚያቋርጠው የተጣጠፈ ሽፋን ላይ ተለጥፈው ይታያሉ። ነጻዎቹ በአብዛኛው ለሕዋሱ ለራሱ የሚያገለግሉ ፕሮቲኖችን ይሠራሉ፤ የተለጠፉት ደግሞ ከሕዋሱ የሚወጡትን፣ በሽፋኑ ላይ የሚተከሉትን ወይም ምግብ በሚፈጭባቸው የሕዋስ ከረጢቶች ውስጥ የሚቀመጡትን ይሠራሉ። ሁለቱ ራይቦሶሞች ግን በአሠራራቸው ፍጹም አንድ ናቸው፤ ወዴት እንደሚሄዱ የሚወስነው የሚያነብቡት መልእክት ነው። ጉንተር ብሎበል ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር በ1970ዎቹ እንዳረጋገጠው፣ ወደ ውጭ የሚላክ ፕሮቲን ሲጀመር በራሱ ጫፍ ላይ ከ15 እስከ 30 የሚደርሱ አሚኖ አሲዶች ያሉት የምልክት ክፍል ይኖረዋል፤ ይህ ክፍል ከራይቦሶሙ ብቅ ሲል ሌላ ሞለኪውል ያዝ አድርጎ ራይቦሶሙን ከነሥራው ወደ ሽፋኑ ያደርሰዋል። በቦረና እያንዳንዱ ጎሳ ከብቱን በጆሮው ምልክት እንደሚለይ ሁሉ ሕዋሱም የሚሰዳቸውን ፕሮቲኖች በዚህ ምልክት ይለያል፤ ልዩነቱ ምልክቱ ፕሮቲኑ ወደ ሽፋኑ ውስጥ ከገባ በኋላ ተቆርጦ መጣሉ ነው። ብሎበል ለዚህ ግኝቱ በ1999 የኖቤል ተሸላሚ ሆኗል።

ይህን ሁሉ በአንድ ስፍራ ማየት የሚቻለው በጥገት ላም ግት ውስጥ ነው። የግቱ ውስጥ ወተት በሚጠራቀምባቸው እጅግ ጥቃቅን ከረጢቶች የተሞላ ሲሆን፣ እያንዳንዱን ከረጢት በአንድ ረድፍ የተሰለፉ ሕዋሳት ይከብቡታል። የእያንዳንዱ ሕዋስ ታችኛው ጎን ወደ ደም ሥር፣ ላይኛው ጎን ደግሞ ወደ ወተቱ ከረጢት ይዞራል። ከደሙ የሚገቡት አሚኖ አሲዶች በታችኛው ጎን በብዛት በተዘረጋው ራይቦሶም የለበሰ ሽፋን ላይ ወደ ኬዚን ሰንሰለትነት ይለወጣሉ፤ ኬዚን ከላም ወተት ፕሮቲን 80 በመቶ ያህሉን የሚይዝ ነው። ሰንሰለቱ ወደ ሽፋኑ ውስጥ ገብቶ ምልክቱ ከተቆረጠ በኋላ ጎልጂ ወደሚባለው የተደራረበ የከረጢት ክምር ይተላለፋል፤ በዚያም ፎስፌት ይጨመርበታል፣ ካልሲየም ይያያዝበታል፣ ብዙ የኬዚን ሰንሰለቶችም ተሰባስበው ጥቃቅን እንክብል ይሆናሉ። ወተትን በዋነኛነት ነጭ የሚያደርገው የእነዚህ እንክብሎች ብርሃንን መበተን ነው። በመጨረሻም ከጎልጂ የተቆረሰ ትንሽ ከረጢት ወደ ላይኛው ጎን ሄዶ ከሕዋሱ ሽፋን ጋር ይገጥምና የያዘውን ወደ ወተቱ ያፈስሳል።

በዚሁ ጎልጂ ውስጥ የሚደረግ ሌላ ሥራ አለ፤ የወተት ስኳር የሆነው ላክቶስ የሚሠራው በዚህ ነው። ላክቶስ ግሉኮስና ጋላክቶስ የተባሉ ሁለት ስኳሮች ሲያያዙ የሚገኝ ሲሆን፣ የሚያያይዛቸው ኢንዛይም በብዙ የሰውነት ሕዋሳት ጎልጂ ውስጥ ይኖራል፤ በሌሎቹ ሕዋሳት ግን ሥራው ሌላ ነው። በግት ሕዋስ ውስጥ አልፋ ላክታልቡሚን የተባለ 123 አሚኖ አሲዶች ያሉት ፕሮቲን ሲጠጋው ብቻ ላክቶስን ወደ መሥራት ይዞራል። ላክቶሱ በጎልጂው ከረጢት ውስጥ ሲጠራቀም ውኃን ይስባል፤ ስለዚህ የወተቱን ብዛት በአመዛኙ የሚወስነው የዚህ ኢንዛይም ሥራ ነው። አንድ ኢንዛይም በስፍራውና በጎረቤቱ ምክንያት ሥራውን እንዴት እንደሚለውጥ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ ማግኘት አስቸጋሪ ነው።

ወተቱ ተሠርቶ ብቻ አይወጣም። በቦረና እንደሚደረገው ጥጃው አስቀድሞ ጠብቶ ላሚቱን ሲያስለቅቃት፣ በአንጎሏ ሥር ከሚገኘው ዕጢ ኦክሲቶሲን የሚባል ሆርሞን ወደ ደም ይለቀቃል፤ እርሱም በወተት ከረጢቶቹ ዙሪያ ያሉትን ጡንቻማ ሕዋሳት አኮማትሮ ወተቱን ወደ ቧንቧው ይገፋዋል። ኦክሲቶሲን ዘጠኝ አሚኖ አሲዶች ብቻ ያሉት ሲሆን፣ በራይቦሶም የሚሠራው ግን የብዙ እጥፍ ርዝመት ያለው ቅድመ ሰንሰለት ሆኖ ነው፤ ወደ ነርቭ ሕዋሱ ጫፍ በሚጓዝበት ከረጢት ውስጥ ኢንዛይሞች ቆርጠው ያወጡታል። ጥጃው የሞተባት ላም ወተቷን መያዟ በእረኛው ዘንድ የታወቀ ነው፤ ኬዚኑ በግቱ ውስጥ ቢሞላም መለቀቁ የሌላ ፕሮቲን በሌላ ሕዋስ መሠራትና በሰዓቱ መላክ ይፈልጋል።

አሚኖ አሲዶቹ ከየት ይመጣሉ የሚለው ጥያቄ ደግሞ ወደ ላሚቱ ጨጓራ ይመልሳል። የሚያመሰኩ እንስሳት የሣርን ሴሉሎስ የሚፈታ ኢንዛይም በራሳቸው ሕዋስ አይሠሩም፤ ይህን የሚሠሩት በመጀመሪያው ጨጓራ ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎችና ሌሎች ደቂቅ ነፍሳት ናቸው። እነዚህ ደቂቃን ሣሩን ፈትተው ከሚያገኙት ጉልበትና ከናይትሮጂን የራሳቸውን ፕሮቲን በራሳቸው ራይቦሶም ይሠራሉ፤ ወደ ታችኛው ጨጓራና ወደ አንጀት ሲወርዱም ራሳቸው ይፈጫሉ። ላሚቱ ወደ ደሟ ከምታስገባው አሚኖ አሲድ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ከእነዚህ ባክቴሪያዎች የሚመጣ ነው። በዚህ የተነሣ የወተት ፕሮቲን አሠራር በአንድ ሕዋስ ግንብ ውስጥ የሚጀምርና የሚያበቃ ሥራ ተደርጎ መገለጹ ትክክል አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ እስከ 2022 ድረስ በደቡብ ኢትዮጵያ ቆላ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ሲስቱ ቦረና የደረሰበት ጥፋት ከዚህ አንጻር ሲታይ ሥርዓቱ ይገባል፦ ሣሩ ሲጠፋ በጨጓራ ያሉት ደቂቃን ፕሮቲን መሥራት ያቋርጣሉ፤ የግቱ ሕዋስ ጂኑም ራይቦሶሙም እያለው የሚያያይዘው አሚኖ አሲድና የሚሠራበት ጉልበት ያጣል፤ ላሚቱም ወተቷ ይነጥፋል፣ ከዚያም የራሷን ጡንቻ ፕሮቲን ወደ መፍታት ትሄዳለች። በልጆች ላይ የሚታየው የምግብ እጥረት እብጠት ከዚህ ጋር የሚዛመድ ገጽታ አለው፤ ጉበት አልቡሚን የተባለውን የደም ፕሮቲን በበቂ መጠን መሥራት ሲያቅተው መጠኑ በደም ውስጥ ይወርዳል።

ወተቱ ወደ ጠጪው ሲያልፍ ሁለተኛው ታሪክ ይጀምራል። ላሚቱ በግቷ ጎልጂ ያያያዘችው ላክቶስ በሰው ትንሹ አንጀት ላክቴዝ በሚባል ኢንዛይም መለያየት አለበት፤ ካልተለያየ ወደ ትልቁ አንጀት ወርዶ በባክቴሪያ ይብላላና ሆድ ይነፋል፣ ተቅማጥም ያመጣል። ላክቴዝ የሚሠራው በአንጀቱ ግድግዳ ሕዋሳት ውስጥ፣ ራይቦሶም በለበሰው ሽፋን ላይ ነው። ከዚያ በጎልጂ በኩል ሲያልፍ የስኳር ሰንሰለቶች ይጨመሩበታል፣ የመጀመሪያው ክፍሉም ተቆርጦ ይወጣል፤ በመጨረሻም ምግብ በሚያልፍበት በኩል ባለው የሕዋሱ ጎን፣ በእጅግ ጥቃቅን ጣቶች በተሸፈነው ሽፋን ላይ ይተከላል። የመጨረሻውን ቁራጭ የሚቆርጠው ከቆሽት የሚወጣው ትሪፕሲን የተባለ ሌላ ኢንዛይም ነው። ሕዋሱ ራሱ ከአንጀቱ ጎድጓዳ ሥር ተወልዶ ወደ ጫፉ በመውጣት በጥቂት ቀናት ውስጥ ይረግፋል፤ ስለዚህ ወተት የሚጠጣ ሰው ላክቴዙን ያለማቋረጥ እንደ አዲስ መሥራት አለበት።

በአብዛኛው የዓለም ሕዝብ ዘንድ የዚህ ኢንዛይም አሠራር ከጡት መጣል በኋላ ይቀንሳል። በጥቂት ሕዝቦች ውስጥ ግን እስከ ሽምግልና ይዘልቃል፤ ምክንያቱም የላክቴዝ ጂን ራሱ ሳይለወጥ፣ ከእርሱ 14,000 ያህል ፊደል ርቆ በጎረቤቱ ጂን ውስጥ የሚገኝ አንድ ፊደል መለወጡ ነው። ይህ ስፍራ ጂኑ እንዲቀዳ ወይም እንዳይቀዳ የሚያደርጉ ፕሮቲኖች የሚያርፉበት ነው። የፊንላንድ ተመራማሪዎች በ2002 የአውሮፓውያኑን የፊደል ለውጥ አገኙ፤ በ2007 ደግሞ ሣራ ቲሽኮፍና ባልደረቦቿ በኬንያ፣ በታንዛኒያና በሱዳን አርብቶ አደሮች ዘንድ ከአውሮፓው የተለዩ ለውጦች መኖራቸውን አሳዩ። በኢትዮጵያ ሕዝቦች ላይ በ2013 የታተመው ጥናት ከሁሉም ይልቅ አስገራሚ ውጤት አለው፦ በብዙ አገሮች አንድ ለውጥ ጎልቶ ሲገኝ፣ በኢትዮጵያ በአንድ አካባቢ የተጠጋጉ በርካታ የተለያዩ ለውጦች ጎን ለጎን ይገኛሉ። ከእነርሱም አንዱ በግመል አርቢ አረቦች ዘንድ የሚበዛው ነው። ይህም ወተት የመጠጣት ኑሮ በዚህ ምድር ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ሳይሆን በተለያየ መንገድ ደጋግሞ በሕዋስ ውስጥ ምልክቱን እንደተወ ያሳያል።

ኢንዛይሙ የሌለው ሰው ሁሉ ግን ወተት አይተውም። ቦረናዎች ኢቲቱ የሚባለውን የረጋ ወተት የሚሠሩት ወተቱን ጎርፋ በተባለ በተጎነጎነና በታጠነ ዕቃ አጠራቅመው፣ አጓቱን እያፈሰሱ፣ ትኩስ ወተት ደጋግመው በመጨመር ሲሆን፣ ለረጅም ጊዜም ያቆዩታል። በዚህ ጊዜ የሚሠሩት የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያዎች ናቸው፤ ላክቶሱን በራሳቸው ኢንዛይም ፈትተው ወደ አሲድ ይለውጡታል። አሲዱ ኬዚኑን ያረጋዋል፤ የተረፈው የላክቶስ መጠንም ዝቅ ይላል። ይኸውም በአንጀት ሕዋስ ውስጥ ያልተሠራውን ኢንዛይም በባክቴሪያ ሕዋስ ውስጥ አስቀድሞ ማሠራት ነው።

ከቅርብ ዐሥርት ዓመታት ወዲህ ድርቅ ደጋግሞ ሲመታቸው ከከብት ጋር ግመል የያዙት የቦረና ቤተሰቦች በርክተዋል፤ ከዚህም ጋር የግመል ወተት ኬሚስትሪ ጉዳይ ሆኗል። የግመል ወተት ቤታ ላክቶግሎቡሊን የተባለው የላም ወተት ፕሮቲን የለውም፤ ካፓ ኬዚን የተባለውና የኬዚኑን እንክብል ከላይ የሚያለብሰው ፕሮቲን ደግሞ ከላም ወተት በእጅጉ ያነሰ ነው። በዚህ የተነሣ ከጥጃ ጨጓራ የሚወጣው ካይሞሲን የተባለ የማርጊያ ኢንዛይም የላም ወተትን በደንብ ሲያረጋ የግመልን ወተት ግን በጉልህ አያረጋም። የኢትዮጵያ አይብ ከአሬራ በአሲድና በሙቀት ስለሚሠራ ይህን ኢንዛይም አይፈልግም፤ የግመል ወተት ግን በዚህም መንገድ ጠንካራ እርጎ ለመስጠት ያስቸግራል። የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በዝንጅብል ውስጥ ባለ ፕሮቲን ቆራጭ ኢንዛይም የግመል ወተት አይብ ለመሥራት ሞክረዋል። ሌላው መፍትሔ የመጣው ከራሱ ከግመል ነው፦ የስዊዘርላንድና የዴንማርክ ተመራማሪዎች በ2006 የግመልን ካይሞሲን ጂን ወስደው በአስፐርጊለስ ሻጋታ ውስጥ በማስገባት ሻጋታው ኢንዛይሙን እንዲያመርት ማድረጋቸውን አሳተሙ። ሻጋታው ግመልን አያውቃትም፤ ራይቦሶሙ ግን ሦስት ፊደሎቹን በዚያው መንገድ ስለሚያነብብ፣ ምልክቱንም በመቁረጥ ኢንዛይሙን ወደ ውጭ ስለሚሰድድ ትክክለኛው የግመል ፕሮቲን ይገኛል። ይህ ኢንዛይም የግመልን ወተት ከማርጋቱም በላይ የላምን ወተት ከጥጃው ካይሞሲን በበለጠ ብቃት ማርጋቱ ታይቷል፤ ዛሬም በዓለም የአይብ ኢንዱስትሪ በገበያ ላይ ይገኛል። 

የራይቦሶም ነገር በእረኛው እጅ ከሁሉ በላይ የሚገባው በመድኃኒት ነው። የባክቴሪያ ራይቦሶም ከእንስሳት ሕዋስ ራይቦሶም በመጠኑና በዝርዝር ቅርጹ ይለያል፤ ልዩነቱ ትንሽ ቢሆንም ብዙ መድኃኒቶች የተመሠረቱት በዚህ ላይ ነው። በአርብቶ አደሮች አካባቢ በብዛት የሚወጋው ኦክሲቴትራሳይክሊን ከባክቴሪያው ራይቦሶም ትንሹ ክፍል ጋር ተጣብቆ አጓጓዥ አር ኤን ኤ ወደ ስፍራው እንዳይገባ ያግዳል፤ ባክቴሪያው ፕሮቲን መሥራት ያቆማል። በትራኮማ ዘመቻ ለብዙ ኢትዮጵያውያን የታደለው አዚትሮማይሲን ደግሞ በትልቁ ክፍል፣ አዲሱ ሰንሰለት በሚወጣበት መተላለፊያ ውስጥ ተሸጉጦ መንገዱን ይዘጋል። የላሚቱ ሕዋስ ራይቦሶም ለኦክሲቴትራሳይክሊን እምብዛም አይጋለጥም፤ በማይቶኮንድሪያ፣ ማለትም ጉልበት በሚመረትበት የሕዋስ ክፍል ውስጥ ያሉት ራይቦሶሞች ግን ከባክቴሪያዎቹ ጋር በመመሳሰላቸው በመጠኑ ይነካሉ። መድኃኒቱ ያለ መጠን ሲሰጥ የሚተርፉት ባክቴሪያዎች፣ ለምሳሌ ራይቦሶማቸውን ከመድኃኒቱ የሚያድን ፕሮቲን ያላቸው ናቸው፤ ቁጥራቸውም ይበዛል። መድኃኒቱ ወደ ግት ሕዋስ ሲደርስ በወተቱ ውስጥም ይወጣል፤ ላሚቱ ከተወጋች በኋላ በመመሪያው የተወሰነው ቀን ሳይሞላ የታለበ ወተት ወደ ጎርፋው ከገባ፣ የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያዎቹ ራይቦሶም ስለሚታገድ ላክቶሱ ሳይፈታ፣ ወተቱም ሳይረጋ ይቆያል፤ በዚያው ጊዜም መድኃኒቱን የለመዱ ሌሎች ባክቴሪያዎች በወተቱ ውስጥ ሊራቡ ይችላሉ።